በቤት ውስጥ ኔትወርክ ፋይል ቶሎ እንዲያልፍ ምን ልግዛ? ኬብል፣ ስዊች፣ 2.5 ጊጋቢት ወይስ 10 ጊጋቢት

በ4ኬ የሚቀርጽ ካሜራ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲጽፍ የአንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት ይይዛል። ሰርግ የሚቀርጽ ሰው በሁለት ካሜራ ከጠዋቱ የሙሽሪት ቤት እስከ ማታው እራት ሲሠራ ውሎ 300 ጊጋባይት ይዞ ቢገባ የሚገርም አይደለም። ይህን ሁሉ ከላፕቶፑ ወደ ኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ኬብል ሲያሳልፍ፣ አንዱ ቤት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሌላው ቤት በ45 ደቂቃ ያልቃል። በሁለቱም ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አንድ ኬብል፣ አንድ የስዊች (ብዙ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) ፖርት ወይም አንድ ርካሽ አዳፕተር ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። አብዛኛው ቤት የሚያስፈልገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ትክክለኛ የሆነ ጊጋቢት ነው፤ ይህም በትንሽ ወጪ ይገኛል። ከዚያ በላይ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ የቤቱን ኔትወርክ በሙሉ መቀየር የለበትም፤ ትልልቅ ፋይል የሚመላለስባቸውን ሁለት ማሽኖች ብቻ ቢያሳድግ ይበቃዋል።

የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግ ለዚህ ጉዳይ አይረዳም። ከአንዱ ክፍል ኮምፒውተር ወደ ሌላው ክፍል የሚሄድ ፋይል ከግቢ አይወጣም፤ በስዊቹ ወይም በራውተሩ በኩል ብቻ ያልፋል። ኢንተርኔት ተቋርጦ እንኳ ኮፒው አይቆምም።

ፍጥነቱ በቁጥር ሲታይ

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው በሜጋቢት ወይም በጊጋቢት ነው። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲገለብጥ የሚያሳየው ግን በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ 1 ጊጋቢት ማለት ቢበዛ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ላይ ለአድራሻና ለቁጥጥር የሚሄደው ሲቀነስ በተግባር 110 አካባቢ ይታያል። «ጊጋቢት ገዝቼ 110 ብቻ ይሰጠኛል» የሚል ሰው ኔትወርኩ በሙሉ አቅሙ እየሠራለት ነው። ለ300 ጊጋባይት ፋይል ሲሰላ እንዲህ ይሆናል፦

- 100 ሜጋቢት፦ በሰከንድ ከ11 እስከ 12 ሜጋባይት፣ ከ7 ሰዓት በላይ
- 1 ጊጋቢት፦ 110 ሜጋባይት አካባቢ፣ 45 ደቂቃ ገደማ
- 2.5 ጊጋቢት፦ 280 ሜጋባይት አካባቢ፣ 18 ደቂቃ ገደማ
- 10 ጊጋቢት፦ 1,100 ሜጋባይት አካባቢ፣ 5 ደቂቃ የማይሞላ፤ ይህ ግን ዲስኩ ከቻለው ነው

ትልቁ ዝላይ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያለው ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ታተርፋላችሁ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትሄዱ የምታተርፉት ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ወጪው ግን ይጨምራል። ያልታወቀ 100 ሜጋቢት በሰንሰለቱ መሃል ተደብቆ እያለ ስለ 10 ጊጋቢት ማሰብ ገንዘብ ማባከን ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሳትገዙ በፊት፦ የታነቀው የት ነው?

ሦስት ነገር ፈትሹ።

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ከስዊቹ ጋር በስንት እንደተስማማ ማየት ነው። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን፣ ከዚያ ኢተርኔት የሚለውን ስትከፍቱ የሊንኩ ፍጥነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 1000/1000 ካለ ጊጋቢት ነው። 100/100 ካለ መልሱን አገኛችሁ፤ ወይ ኬብሉ፣ ወይ ፖርቱ፣ ወይ አዳፕተሩ ነው። ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ተመልከቱ። አንዱ 1000 ሌላው 100 ከሆነ ፋይሉ የሚያልፈው በ100 ነው። አንደኛው ጫፍ በዋይፋይ ከሆነም በሌላኛው ጫፍ የሰካችሁት ኬብል አያድናችሁም።

ሁለተኛው አይፐርፍ3 የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በሰርቨርነት፣ በሌላው ላይ በክላየንትነት ይከፈታል፤ ዲስኩን ሳይነካ ኔትወርኩን ብቻ ይለካል። ጤነኛ ጊጋቢት 940 ሜጋቢት አካባቢ ይሰጣል፤ 100 ሜጋቢት ሊንክ 94 አካባቢ፤ 2.5 ጊጋቢት ደግሞ 2,350 አካባቢ። አይፐርፍ3 940 እያለ ፋይሉ በ40 ሜጋባይት የሚንፏቀቅ ከሆነ ኔትወርኩን ተዉት። ችግሩ ዲስኩ፣ ፋይሎቹ ወይም ሶፍትዌሩ ጋ ነው።

ሦስተኛው ዊንዶውስ ፋይል ሲገለብጥ የሚያወጣውን አረንጓዴ ግራፍ ማንበብ ነው። «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ተጭናችሁ ቅርጹን እዩት። 112 ላይ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ጊጋቢቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። 11 ላይ ጠፍጣፋ ከሆነ የሆነ ቦታ 100 ሜጋቢት አለ። 35 ወይም 40 ላይ ቆሞ የማይነቃነቅ ከሆነ በመንገዱ ላይ ዩኤስቢ 2.0 እንዳለ እጠረጥራለሁ። ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ጀምሮ በድንገት ወርዶ የሚቀር ከሆነ ተቀባዩ መጀመሪያ ራም ላይ ነበር የሚጽፈው፤ ራሙ ሲሞላ የዲስኩ እውነተኛ ፍጥነት ተገለጠ። ዜሮ እየነካ የሚመለስ ጥርስ ጥርስ ያለው ግራፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ምልክት ነው።

ኬብል፦ ትንሽ ወጪ፣ ትልቅ ለውጥ

100 ሜጋቢት የሚጠቀመው ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱን ብቻ ነው፤ 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 6ኛውን። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት አራቱ አንዱ ቢበጠስ ወይም በኬብሉ ጫፍ ባለው ክሊፕ ውስጥ በደንብ ባይነካ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ብዙዎቹ የኔትወርክ ካርዶች ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። 100/100 ስታዩ መጀመሪያ የምትቀይሩት ኬብሉን ነው፤ ከጎረቤትም ቢሆን ፋብሪካ የሠራው አጭር ኬብል ተውሳችሁ ሞክሩ።

በእጅ የታሰረ ኬብል ከሆነ ክሊፑን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ቀለሞቹን ቁጠሩ። በተለምዶ የምንጠቀምበት ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴዎቹ 3ኛና 6ኛ ላይ ተለያይተው፣ ሰማያዊዎቹ መሃላቸው ሲገቡ ታያላችሁ። አንዳንድ ሠራተኛ ቀለሞቹን ጥንድ ጥንዱን አጠገብ ለአጠገብ ይደረድራል፤ በሁለቱም ጫፍ ያንኑ ስለሚያደርግ ርካሹ መፈተሻ ከ1 እስከ 8 በተራ ያበራል፣ ኬብሉም ደህና ይመስላል። ነገር ግን 3ኛውና 6ኛው ሽቦ አብረው የተጠመዘዙ ስላልሆኑ የአንዱ ጥንድ ምልክት ወደ ሌላው ይገባል። በአጭር ርቀት በ100 ይሠራ ይሆናል፤ በጊጋቢት ግን ይወድቃል ወይም ይንቀጠቀጣል። መብራቱን ብቻ አትመኑ፤ ቀለሙን እዩ።

ሌላው የሚያስቸግረው ከላዩ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ ነው፤ ሲሲኤ ይባላል። በሜትር ተቆርጦ ከሚሸጠው ኬብል መሃል፣ በተለይ ዋጋው ከሌላው በጣም ዝቅ ካለው፣ ይህ ብዙ ነው። ሻጩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲልጥላችሁ ጠይቁና የሽቦውን ገጽ በምላጭ ፋቁት። ንጹሕ መዳብ ቢፋቅም ቀይ ነው፤ ሲሲኤ ከሆነ ከቀዩ ሥር ብርማ ቀለም ይወጣል። ጥቅሉንም አንሱት፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው። ኬብሉ ላይ ካት 6 ተብሎ ቢጻፍም ሲሲኤ የኔትወርክ ኬብል ደረጃውን አያሟላም። ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሉ ከመዳብ ይበልጣል፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ክሊፑ ውስጥም ከጊዜ በኋላ ይላላል። ለአምስት ሜትር ይሠራላችሁ ይሆናል፤ ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ኬብል ግን ፈጽሞ አትግዙት።

የመዳብ ኬብሎቹን ስናወዳድር፣ ካት 5ኢ ጊጋቢትንም 2.5 ጊጋቢትንም እስከ 100 ሜትር ይሸከማል። ቤታችሁ ውስጥ ደህና ካት 5ኢ ተቀብሮ ካለ አታውጡት። ካት 6 ለ5 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር፣ ለ10 ጊጋቢት ደግሞ እስከ 55 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ በብዙ ቤት ደግሞ 55 ሜትር የሚደርስ መስመር የለም። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን 100 ሜትር ያደርሳል፤ ነገር ግን ወፍራምና ለማጠፍ አስቸጋሪ ነው። አዲስ ለሚዘረጋ ሰው ምርጫዬ ንጹሕ መዳብ ካት 6 ነው። ካት 7 እና ካት 8 እየተባለ የሚሸጠው ለቤት የሚጨምረው ነገር ስለሌለ በዚያ ገንዘብ ስዊች ግዙበት።

ሞደም፣ ስዊችና አዳፕተር

ከኢንተርኔት አቅራቢ የሚመጣ ሞደም ጀርባው ላይ አራት ፖርት ስላለው ብዙ ሰው እንደ ስዊች ይጠቀምበታል። የቆዩ የኤዲኤስኤል ሞደሞች ፖርታቸው አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋቢት ነው። አንዳንድ የፋይበር ሞደም ደግሞ አንዱን ፖርት ብቻ ጊጋቢት አድርጎ ሦስቱን 100 ይተዋቸዋል። መፍትሔው ሞደሙን መቀየር አይደለም። አምስት ፖርት ያለው ተራ ጊጋቢት ስዊች ገዝታችሁ ሁለቱን ኮምፒውተሮች እዚያ ላይ ሰኩ፤ ከስዊቹ አንድ ኬብል ወደ ሞደሙ ይሂድ። ፋይሉ በስዊቹ ውስጥ በጊጋቢት ያልፋል፤ ወደ ሞደሙ የሚሄደው የኢንተርኔቱ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ይህንን ነው የምለው።

ስትገዙ «ፋስት ኢተርኔት» ወይም «10/100» የሚለውን ተዉት፤ «10/100/1000» ወይም «ጊጋቢት» የሚል መሆን አለበት። ፋስት ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ደረጃ ነው። በመዳብ ኬብል የሚሠራው ጊጋቢት ደግሞ በ1999 ወጣ። ያም ሆኖ አሮጌው ዛሬም አዲስ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይሸጣል።

የኔትወርክ ፖርት የሌለው ቀጭን ላፕቶፕ ላላችሁ፣ የዩኤስቢ አዳፕተር ስትገዙ በዩኤስቢ 3.0 የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት ቢሆንም በተግባር ከ40 ሜጋባይት እምብዛም አያልፍም፤ «ጊጋቢት» ተብሎ የተጻፈበት አዳፕተር ውስጥም ዩኤስቢ 2.0 ሊኖር ይችላል። ራስበሪ ፓይን እንደ ፋይል ማስቀመጫ የምትጠቀሙ ሰዎችም ይህን እወቁ፦ 3ቢ ፕላስ የሚባለው ሞዴል ጊጋቢት ፖርት አለው ቢባልም በዩኤስቢ 2.0 በኩል ስለሚያልፍ ከ300 ሜጋቢት አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4 ግን እውነተኛ ጊጋቢት አለው።

በስዊች፣ በቀጥታ ኬብል ወይስ በኤክስተርናል ዲስክ?

ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ ስዊችም አያስፈልግም። ጊጋቢት ፖርት ያላቸውን ሁለት ማሽኖች በአንድ ተራ ኬብል አገናኙ፤ ድሮ ይፈለግ የነበረው ክሮስ ኬብል ቀርቷል፣ ካርዶቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ። ለአንዱ 192.168.50.1፣ ለሌላው 192.168.50.2 አድራሻ፣ ለሁለቱም 255.255.255.0 ማስክ ስጡ፤ ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ተዉት። ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ይቀጥል። ፋይሉን ስትከፍቱ ግን በኮምፒውተሩ ስም ሳይሆን በዚያ አድራሻ ግቡ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ በዋይፋዩ በኩል ሊሄድ ይችላል። ተንደርቦልት ያላቸው ሁለት ማክ ኮምፒውተሮች ካሏችሁ ደግሞ በአንድ የተንደርቦልት ኬብል ሲገናኙ እንደ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ፍጥነቱም ከጊጋቢት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኤክስተርናል ዲስክስ? በዩኤስቢ 3.0 የሚሠራ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) በሰከንድ 400 ሜጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል ከጊጋቢት ኔትወርክ በጣም ይበልጣል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ነው የምትገለብጡት፤ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ከእሱ። ሁለት ጊዜ ሆኖም ለአንድ ቀን ሥራ ከጊጋቢት ይፈጥናል። በየቀኑ ለሚመላለስ ፋይል ግን ኔትወርክ ይሻላል፤ ኮፒውን አስጀምራችሁ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳላችሁ፣ የትኛው ዲስክ ላይ የትኛው እትም እንዳለም አትጠፉበትም። ሀርድ ዲስክ የሆነ ኤክስተርናል ግን ኔትወርኩን አያሸንፍም፤ በሁለት ዙር ሲሆን ከጊጋቢት ይዘገያል።

2.5 ወይስ 10?

እዚህ ላይ የሚወስነው ዲስኩ ነው። ተራ ሀርድ ዲስክ እንደ ዓይነቱና እንደ ዕድሜው በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰጣል፤ ዲስኩ እየሞላ ወደ ውስጠኛው ክብ ሲገባ ደግሞ ይቀንሳል። ሳታ በሚባለው የቆየ መሰኪያ የሚሠራ ኤስኤስዲ 550 አካባቢ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት በሺዎች ይቆጠራል። በላፕቶፑ በኩል ፈጣን ኤንቪኤምኢ ኖሮ በተቀባዩ በኩል ሀርድ ዲስክ ካለ፣ 10 ጊጋቢት ገዝታችሁ በ150 ሜጋባይት ትቀመጣላችሁ።

2.5 ጊጋቢት የሚስማማው ቀድሞ የተቀበረ ካት 5ኢ ላለው፣ ማስቀመጫው ደህና ሀርድ ዲስክ ወይም ሳታ ኤስኤስዲ ለሆነ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ መቶ ጊጋባይቶችን ለሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2016 ከ5 ጊጋቢት ጋር አብሮ የወጣው በትክክል ለዚህ ነበር፤ የተዘረጋውን ኬብል ሳይነኩ ፍጥነቱን ለመጨመር። አዳዲስ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ 2.5 ይዘው ይመጣሉ፤ ለላፕቶፑ የዩኤስቢ አዳፕተር አለ። ሁለቱን ማሽኖች በቀጥታ ኬብል ካገናኛችሁ ስዊችም አትገዙም፤ በአንድ አዳፕተር ዋጋ ብቻ 280 ላይ ደረሳችሁ። ለኤዲቲንግ ቤት ከጊጋቢት ቀጥሎ የምመክረው ይህንን ነው።

10 ጊጋቢት የሚያስፈልገው በሁለቱም በኩል ኤንቪኤምኢ ላለው፣ ወይም ብዙ ዲስኮች አብረው የሚሠሩበት ናስ (በኔትወርክ የሚገናኝ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን) ላይ ፋይሉን ሳይገለብጥ በቀጥታ ኤዲት ለሚያደርግ ሰው ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከሰርቨር የወጡ ያገለገሉ ካርዶችን፣ እንደ ኢንቴል ኤክስ520 ወይም ሜላኖክስ ኮኔክትኤክስ-3 ያሉትን፣ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱን ማሽኖች በአጭር የዳክ ኬብል (የእነዚህ ካርዶች መሰኪያ በሁለቱም ጫፍ አብሮ የተሠራበት የመዳብ ኬብል) ታገናኛላችሁ። ነገር ግን ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ሰፊ የፒሲአይ ማስገቢያ አለ ወይ፣ ለምትጠቀሙት ዊንዶውስ ድራይቨር አለው ወይ፣ ካርዱ በሰርቨር አየር እንዲቀዘቅዝ የተሠራ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ንፋስ ይደርሰዋል ወይ። በመዳብ ኬብል የሚሠራው 10 ጊጋቢት ዕቃም ይሞቃል። መብራት በጄኔሬተር ወይም በኢንቨርተር ለሚጠቀም ሰው የኃይል ፍጆታውም ይቆጠራል።

ስለ ኤስኤስዲ አንድ ማስጠንቀቂያ። ርካሾቹ ሞዴሎች ለመጀመሪያዎቹ አሥር ወይም ጥቂት አሥር ጊጋባይቶች በፍጥነት ይጽፋሉ፤ ፈጣኑ ክፍላቸው ሲሞላ ከሀርድ ዲስክ በታች ሊወርዱ ይችላሉ። 300 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ለሚጽፍ ሰው በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም አይነግረውም። ስትመርጡ ብዙ ጊጋባይት ሳያቋርጥ ሲጽፍ ተፈትኖ ምን እንደሰጠ ፈልጉ።

ኬብል መዘርጋት የማይቻልበት ቤት

የተከራየ ቤት፣ ግድግዳ የማይበሳበት ኮንዶሚኒየም፣ ሴራሚኩ ያለቀበት ወለል። እዚህ ላይ በኤሌክትሪክ መስመር የሚያሳልፈው ፓወርላይን ይመጣል። ካርቶኑ ላይ 600 ወይም 1000 ቢጻፍበትም የሁለቱ አቅጣጫ የወረቀት ድምር ነው፤ እውነተኛው ፍጥነት ከዚያ እጅግ ያንሳል። 600 የተጻፈባቸው ብዙዎቹ የኔትወርክ ፖርታቸው ራሱ 100 ሜጋቢት ነው። ከገዛችሁት በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት፤ ዲቫይደር ወይም ስታብላይዘር ላይ ከሰካችሁት ምልክቱ ይታፈናል። ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑም ይዳከማል። ለኢንተርኔት ይበቃል፤ ለ300 ጊጋባይት ግን አልመክረውም።

አሜሪካ ለምትኖሩ ከዚህ በጣም የሚሻል አማራጭ አለ፤ ሞካ ይባላል። በየክፍሉ በተቀበረው የኬብል ቲቪ መስመር የሚሠራ ሲሆን ሞካ 2.5 ከጊጋቢት ፖርት ጋር ሙሉ ጊጋቢት ያህል ይሰጣል። አገር ቤት ያለው የዲሽ ኬብል ግን ለዚህ አይሆንም። ከዲሹ የሚወርደው ምልክት ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ይይዛል፤ ሞካ የሚጠቀመው ከ1125 እስከ 1675 ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ይህም ካልሆነ ትልልቁን ፋይል በምታሳልፉበት ሰዓት ላፕቶፑን ወደ ስዊቹ ማምጣት ከሁሉም ይፈጥናል።

ያለ ወጪ የሚስተካከለው

ጥቃቅን ፋይል ከሁሉ በላይ ያዘገያል። ሃያ ሺህ ፎቶ ስትገለብጡ ለእያንዳንዱ ፋይል መክፈት፣ መመዝገብ፣ መዝጋት አለ፤ ኬብሉ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይቀመጣል። ሳይጨመቅ በአንድ ዚፕ አሽጎ መላክ ብዙ ይረዳል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሮቦኮፒ ብዙ ፋይል ጎን ለጎን ይገለብጣል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ኬብል ሲነቀል ካቆመበት የሚቀጥልበት መንገድም አለው። ለእኛ ይህ ሁለተኛው ከፍጥነቱ ይበልጣል። 280 ጊጋባይት ላይ ተቋርጦ ከዜሮ የሚጀምር ኮፒ የትኛውም ኔትወርክ አያካክሰውም። በሊኑክስና በማክ አርሲንክ ይህንኑ ይሠራል።

ጃምቦ ፍሬም የሚባለው፣ የፓኬቱን መጠን ከ1500 ወደ 9000 ባይት ማሳደግ፣ በጊጋቢት ላይ የሚጨምረው አራት ወይም አምስት በመቶ ነው። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ካልተስማማ ደግሞ ግንኙነቱ ይበላሻል። በጊጋቢት አትንኩት።

ሁለት ኬብል አጣምሮ ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግም ብዙዎች የሚጠይቁት ነው። በስዊቹ ላይ የሚደረገው ማጣመር ለአንድ ኮፒ አይጨምርም፤ አንድ ፋይል የሚሄደው በአንዱ ኬብል ነው፣ የሚጠቅመው ብዙ ሰው አብሮ ሲጠቀም ነው። ከዚያ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው የኤስኤምቢ (ዊንዶውስ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራበት መንገድ) መልቲቻናል አንዱን ኮፒ በሁለት ካርድ ያካፍላል። ለዚያ ከመድከም ግን አንድ 2.5 አዳፕተር ይቀላል።

ናሱ አሮጌና ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ፣ ዊንዶውስ 11ን ካደሳችሁ በኋላ ፍጥነቱ ከወረደ፣ ምክንያቱ የኤስኤምቢ ፊርማ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 እትም በፕሮ፣ በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን ላይ እያንዳንዱ መልእክት እንዲፈረም ግዴታ አድርጓል፤ ይህም ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ፊርማውን አታጥፉት፤ ፋይላችሁ በመንገድ እንዳይቀየር የሚጠብቀው እሱ ነው። የናሱን ሶፍትዌር አድሱ፤ ካልሆነም የናሱን ዲስክ ወደ ጠንካራ ኮምፒውተር አዛውሩ፤ ግን ዲስኩ አንዳንዴ በናሱ ብቻ በሚነበብ መንገድ ስለሚጻፍ አስቀድማችሁ ቅጂ ያዙ።

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ

ልስን ከመለሰኑ በፊት ለኔትወርኩ የራሱን ኮንዲዩት አስቀብሩ፤ ከ220 ቮልቱ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት የመዳብ ካት 6 አስገቡ፤ የጉልበቱ ዋጋ ለአንድም ለሁለትም ያው ነው፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ሁሉም መስመር ስዊቹ በሚቀመጥበት አንድ ቦታ ይገናኝ፤ ያ ቦታ ሶኬትና የሚተነፍስበት አየር ይኑረው። ኤዲቲንግ ክፍሉ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከሆነና ኬብሉ ግቢውን አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ ፋይበር አድርጉት። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የክረምቱ መብረቅ በኬብሉ በኩል ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ዕቃ አይሻገርም፤ ኋላ ወደ 10 ጊጋቢት ለማደግም ሁለቱን ጫፍ መቀየር ብቻ ይበቃል። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥም አንድ ጠንካራ የናይለን ገመድ አስገብታችሁ ተዉ፤ ሌላ ኬብል መጨመር ሲያስፈልግ የሚስብላችሁ እሱ ነው።